ናጃህ የተሰረዘ ሥራዋን ያስመለሰችበት መንገድ

ናጃህ ቡታጅራ፣ ከበርበሬ ተራ ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ሆና ሶፍትዌር ትሠራለች። ባልደረቦቿ ፊልጶስና ኑኃሚን ያሉት ወልቂጤ ነው። ሦስቱ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ፕሮግራም እየሠሩ፣ ኮዳቸውን ኢንተርኔት ላይ ብራንች በሚባል አንድ የጋራ ማስቀመጫ ያኖራሉ፤ ማን መቼ ምን እንደጨመረም እዚያው በተርታ ይታያል።

አንድ ሰኞ ስትከፍተው ስትሠራው የከረመችው፣ የማኅበሩን መጋዘን የሚመዘግበው የፕሮግራሙ ክፍል የለም። ፊልጶስ "ላሳምረው" ብሎ የብራንቹን ታሪክ በራሱ ቅጂ እንደገና ጽፎ፣ የሌላውን ሳያይ በግድ ጭኖበታል። ደወለችለት።

"ሥራዬን አጠፋኸው።"

"የምን ሥራ? እኔ ያየሁት የለም" አላት። ይባስ ብሎ ለማኅበሩ ሰዎች የናጃህ ክፍል ገና አልተጀመረም ብሎ ነገራቸው።

ናጃህ ቂም ስትይዝ አትጮህም። የድሮው ቅጂ ኮምፒውተሯ ላይ እንዳለ ነበር፤ እሱንም በግድ ጭናበት የፊልጶስን ድካም ድራሹን ልታጠፋ ቆረጠች። "ይቅመሳት" አለች በልቧ።

ደግነቱ ኮድ ለመጫን የለመደችው የኮምፒውተር ትእዛዝ መጠበቂያ ያለው ነው፤ እሷ ካየችው ወዲህ ሌላ ሰው አንዳች ከጨመረ አልጭንም ይላል። እምቢ አላት። ለካ ኑኃሚን ገና አሁን ሥራዋን አስገብታለች። ኑኃሚን የመውለጃዋ ወር ገብቶ፣ ሳልወልድ ልጨርስ ብላ የምትሯሯጥ ሴት ናት። ናጃህ እጇን ከኪቦርዱ አነሳች።

"ኑኃሚን፣ እስክደውልልሽ ምንም አታስገቢ።"

"ፊልጶስን ልትበቀዪው ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ተረጋግተሽ ሥሪው።"

ብራንቹ ላይ ያለውን እንዳለ በሌላ ስም አስቀመጠች። ከዚያ የራሷን መለሰች፣ የፊልጶስንና የኑኃሚንን ከላዩ አስከተለች፤ የሁሉም ሥራ ከነባለቤቱና ከነቀኑ ቆመ። በዚያው ትእዛዝ ስትሞክር አሁን ተቀበላት። በመጨረሻም ያለ እሷ ፈቃድ ማንም የጋራውን ብራንች እንዳይነካ ዘጋችው። ኑኃሚንም ተስማማች።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ ናጃህ ወልቂጤ ሄዳ ስክሪኑን ወደ ፊልጶስ አዞረች።

"የመጋዘኑን ክፍል ማን መቼ እንደሠራው አንብብላቸው።"

ፊልጶስ ከላይ እስከ ታች የእሷን ስም አነበበ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ከማሉ "ታዲያ አልተጀመረም ያልከን ምኑ ነው?" ሲሉት ስክሪኑን መልሶ ወደ ናጃህ አዞረው።

በኋላ በኑኃሚን በኩል ይቅርታ ላከ፤ ናጃህ አልመለሰችለትም። ዛሬም ሥራውን ለማስገባት ፈቃድ ሲጠይቃት ጥያቄውን ወዲያው ታየዋለች፣ የምትፈቅድለት ግን ምሳዋን በልታ ስትጨርስ ነው።