የእንግሊዝ ሰፋሪዎች በነቀምቴ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ የፈተና ወረቀት ማረም ነው። የታሪክ መምህር ነበር። ዓይኑ ስለሚደክም እኔ መልሱን አነብለታለሁ፤ እሱ በቆሎ እየፈለፈለ ልክ ነው ወይም አይደለም ይላል። የዚያን ቀን ጥያቄ፣ አሜሪካ ውስጥ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እነማን ይኖሩ ነበር የሚል ነው። እንግሊዝ ብቻ እንዳይሉ ተማሪዎቹን ደጋግሞ አስጠንቅቋቸዋል። ሆላንዱም፣ ጀርመኑም፣ በሰንሰለት የመጣው አፍሪካዊም ነበር፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ የመሬቱ ባለቤቶች። ሃይማኖቱም ያው ነው። እንደ እምነታችን እንጸልይ ብለው ባሕር የተሻገሩት፣ ገና ዕቃቸውን ሳይፈቱ የተለየ የሚጸልየውን ማባረር ጀመሩ።

ችግሩ ክፍል ውስጥ «ሰፋሪዎች» ብሎ ማስረዳቱ ነው። እኛ ዘንድ ወለጋ ውስጥ ሰፋሪ ማለት በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭኖ አንገር ጉቲን የወረደ ሰው ነው። ባለቤቴ ራሱ ልጅ ሆኖ ከዚያ መኪና ወርዷል። አንዱ ተማሪ፣ «እንግሊዞችን ድርቅ ስለመታቸው መንግሥት ጭኖ ቆላ አወረዳቸው። ብዙዎቹን ወባ ጨረሳቸው፤ የተረፉት ሰሊጥ አመረቱ» ብሎ ጽፏል።

«ወባው ልክ ነው» አለ ባለቤቴ። «ሰሊጡን ትምባሆ በይለትና ግማሽ ስጪው።»

በዚያው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለች።

ድንኳኑ ተወጥሮ ሳያልቅ የት ይቀበር የሚል ክርክር ተነሣ። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪና ሳልለምን በእግሬ የምደርስበት ቦታ እንዲሆን።

አጎቴ ከዲጋ መጣ። እንደ እኔ ጴንጤ ነው። ሰርጌ ላይ አልተገኘም፤ ከዚያም ወዲህ ሰላምታው «ያ ሰፋሪሽ ደህና ነው?» ነበር። አሁን ግን ባለቤቴ በኦሮምኛ «ሶዳ ኬኛ»፣ አማቻችን ሆነ። «አማቻችን ከኛ ጋር ዲጋ ነው የሚያርፈው» አለ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ ከአንገር ጉቲን መጣ። እሱ ሙስሊም ነው። የወሎ ቤት ነውና አንዱ ልጅ መስጊድ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ የሚገርመው የለም። «እናታችን ካረፈችበት ቤተ ክርስቲያን ነው የምወስደው» አለ።

«አንተ ሙስሊም ሆነህ ስለ ቤተ ክርስቲያን ምን አገባህ?» አለው አጎቴ።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ጴንጤ ሆነው ስለ ኦርቶዶክስ ሬሳ ምን አገባዎት?»

በሕይወት ሳለ ነቀምቴ ሰፋሪ ይሉታል፣ አንገር ጉቲን ከተሜ፣ ወሎ ሲሄድ ደግሞ የወለጋው። «የኛ ነው» የሚለው ሰው አልነበረም። መተንፈስ ሲያቆም ግን ሁለት አገር ተሻማበት።

የዕድራችን ዳኛ ባለሱቅ ጉራጌ ናቸው። ሁለቱን ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አዴ፣ እርስዎን የጠየቀ አለ?»

«የለም።»

«ይኸው እኔ ጠየቅሁ።»

«ሰፋሪ ስትሉት ኖራችኋል» አልኩ አጎቴን እያየሁ። «የሰፈረው እዚህ ባኬ ጃማ ነው። እዚሁ ሰፈሩ ይቀበር።»

ወንድምየው እያለቀሰ ሳቀና፣ «እህት ዓለም፣ ምላስሽ የሱን መስሏል» አለኝ። ዳኛው ለወጣቶቹ፣ «ዶማ አምጡ» አሉ። መቃብሩን የቆፈሩት የሰፈራችን ጴንጤና ሙስሊም ጎረምሶች ናቸው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቆፋሪው ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ጥልቀቱን ብቻ አዩ።

አጎቴ እስካሁን አኩርፏል። በስልክ ሲያገኘኝ ግን ባለቤቴን የሚያነሣው በስሙ ነው።

አሁን እሁድ ከጸሎት ቤቴ ስወጣ በእግሬ ወደ መቃብሩ እሄዳለሁ። አረሙን እነቅላለሁ፤ ጥቂት እቀመጥና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።