መዶሻ ያልመዘነው ጋዝ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው መዶሻ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። መዶሻ ይዞ ስለሚሠራ አይደለም፤ ሙያው የፍሪጅ ጥገና ነው፣ ፍሪጅ ደግሞ መዶሻ አይወድም። ስሙ የወጣለት በአሥራ አራት ዓመቱ የአንድ ጎረምሳ መንጋጋ በቡጢ ስላወለቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ካስቀየመው ከአፉ ቀድሞ እጁ ይመልሳል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝና ቀምሼዋለሁ፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም ብርድ ሲነካው ጭው ይላል። እንዲያም ሆኖ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ፍሪጁን ይከፍታል፣ እኔ የተቃጠለውን ኮምፕሬሰር፣ ጋዙን የሚገፋውን ሞተር ማለቴ ነው፣ ቀፎውን ቆርጬ ሽቦውን እንደገና እጠቀልላለሁ። እወደዋለሁ። ልመታው የፈለግሁባቸው ቀናት ግን ከቁጥር በላይ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ፍሪጅ ሲመጣ ጀርባውን ወደ በሩ ያዞርና ቀጭኗን የመዳብ ቱቦ በፒንሳ ይሰብራታል። ጋዙ ፊሽ ብሎ ወደ መንገድ ይወጣል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ድምፁ ከረዘመ ጋዙ ሙሉ ነበር፣ ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ነው ማለት ነው፤ ካጠረ ቱቦው ያፈሳል ማለት ነው። ሚዛን የለ፣ መለኪያ የለ። በጆሮው ይመረምራል፣ አይስትም፤ በዚህም ልቡ ያበጠ ነው።

ሚስቱ እጁ መሯት ጥላው የሄደችው ልጃቸው አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ያን ቀን መዶሻ ሕፃኗን ታቅፎ እኔ ፊት ማለ፤ በዚህች ልጅ ላይ እጄን ካነሣሁ ይቆረጥ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃሉን ጠበቀ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ሥራ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው። አስተማሪዋ እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን የካርቦን አሻራ ለክቶ እንዲመጣ አዘዘ፤ ቤቱ በሚያበስለው፣ በሚያበራው፣ በሚሳፈረው ምክንያት ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ስንት ኪሎ ወደ አየር እንደሚወጣ ማለት ነው። ራት ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ትጠይቀው ጀመር።

«ስንተኛ እንወጣለን?» አላት።

«አባዬ፣ ውድድር እኮ አይደለም።»

«መኪና የለኝ፣ አውሮፕላን አልሳፈር! አንደኛ ካልወጣን መዶሻ አትበሉኝ።»

ከዚያ ቤቱ የጦር ሜዳ ሆነ። የውሃ ማሞቂያውን ከነሽቦው ከግድግዳው ነቀለው፤ ግድግዳውም አብሮ ወረደ። ካውያውን በመስኮት ወረወረው። አንድ አምፖል ብቻ ትቶ የቀሩትን በመጥረጊያ እንጨት አረገፋቸው። ለአየር ብሎ ይህን ሁሉ የሚሰባብር ሰው ሌላ ቦታ ካለ አላውቅም።

መዘዙ ጎረቤትም ደረሰ። ከሥራ ቤታችን ፊት ለፊት አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ መብራት ሲጠፋ በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ ጄኔሬተር ያስነሣል። አንድ ቀን ጠዋት መዶሻ መንገዱን ተሻግሮ ጄኔሬተሯን በእርግጫ ገለበጣት።

«ጢስህን ለራስህ አድርገው!»

«መንገዱ ያባትህ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው። ቀጭን ነው እንጂ ፈሪ አይደለም፤ የብረት ማስመሪያውን አንሥቶ ግንባሩን አለው። የወንድሜ ዓይን ደም ለበሰ። አንገቱን አንቆ ከስፌት መኪናው ጋር አላተመው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በቡጢ አፉን። ሮጬ ስደርስ የልብስ ሰፊው የፊት ጥርስ ሊሰፋ በተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ላይ ወድቆ፣ ደሙ ዙሪያውን ይሰፋ ነበር። ወንድሜን በፀጉሩ ጎትቼ አወጣሁት።

ተመለሰ። እጁን ሳይታጠብ፣ ደሙ በጣቶቹ መሐል እንዳለ፣ ተራውን የሚጠብቀውን ፍሪጅ አዙሮ ቱቦውን ሰበረ። ፊሽ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ድብደባውንም የጋዙን መለቀቅም አይታለች። ወደ ጥግ ሄደች፣ ፍሪጅ የሚሞላበትን የጋዝ ሲሊንደር አዙራ የጋዙን ዓይነት የሚናገረውን ቁጥር ቀዳች።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መዶሻ ካፖርቱን አስተኩሶ (በሰው ካውያ መሆኑ ነው) ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከጎኑ። ልጅቷ ማይክሮፎኑ ጋ ቆማ አነበበች። አምፖሉ፣ ምድጃው፣ አውቶቡሱ ትንሽ ትንሽ መሆኑን ተናገረች። ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«አባቴ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው» ብላ ቀጠለች። «ከፍሪጅ የሚለቀቀው ጋዝ አንድ ኪሎው ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የካርቦን ጋዝ የሚያሞቀውን ያህል ምድርን ያሞቃል። ከአንድ ፍሪጅ የሚወጣው፣ የጎረቤታችን ጄኔሬተር ከወር በላይ ሠርታ ከምታወጣው ይበልጣል። አባቴ በቀን ሦስት ፍሪጅ ይከፍታል። ከክፍላችን ሁሉ ትልቁ አሻራ የእኛ ነው። ጥርሱን ያጣው ግን ጎረቤታችን ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ሰበብ ነው። ወንድሜ ተነሣ፣ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣና በጥፊ አላት። ድምፁ በማይክሮፎኑ አልፎ አዳራሹን ሞላው። ልጅቷ ከነወረቀቷ ወደቀች። እሱ መዳፉን አየ፣ ቀልቡ ተገፈፈ፣ ሰው እየገፋ ወጣ።

የዚያኑ ቀን ልብሷን ጠቅልላ እኔ ቤት ገባች። በማግስቱ ሥራ ቤት ስደርስ በእጄ የያዝኩትን መፍቻ ወረወርኩበት፤ ትከሻውን አገኘው። አልመለሰም።

«ምን አለች?» አለኝ።

«መጀመሪያ ጋዙን መያዝ ይማር ብላለች።»

«ከዚያ ትመጣለች?»

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ጋሼ። ጉንጯ አብጧል።»

ሥራውን ጀመረ። ከአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር አወጣ፣ ሁለት ቱቦ ገጠመለት፤ ጋዙን ከተበላሸው ፍሪጅ እየሳበ ወደ ባዶ ሲሊንደር የሚገፋ መሣሪያ ሆነ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ የታጠፈ ወረቀት ላከችለት። ኪሱ ከተተው። አነበብከው ወይ ስለው፣ «አንብቤዋለሁ» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ትንፋሽ ጋዝ አላስመልጥም አለ። ሲሊንደሩ ግን ተጠቅመው የሚጥሉት ስስ ዓይነት ነው። አናቱ ላይ ግፊት ሲበዛ የምታስተነፍስ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ እሷም ትንሽ ታፈስ ነበር። እንዳታፈስ ብሎ በብየዳ ደፈናት።

«ሚዛን እናምጣ፣ ስንት እንደገባ አናውቅም» አልኩት።

«ጆሮዬስ ምን ሊሠራ ነው?» አለኝ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ለዚህ ራሴን ይቅር አልልም።

በሦስተኛው ሳምንት ሲሊንደሩ ሞላ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ መንገድ ነው የምታልፈው። እንድታየው ብሎ ጠዋት አውጥቶ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቆመው። እኩለ ቀን ላይ፣ በቀለም «ያልተለቀቀ» ብሎ የጻፈበት ጎን ወደ መንገዱ እንዲዞር ፈለገና በቀኝ እጁ ያዘው።

ፍንዳታው ከወንበሬ ጣለኝ። የሲሊንደሩ ቂጥ መንገዱን ተሻግሮ የልብስ ሰፊውን መስታወት አደቀቀ። ደጃፋችን ነጭ ጉም ሆነ፤ ጉሙ ሲገለጥ ወንድሜ በጀርባው ወድቋል፣ ከቀኝ እጁ ደም እየተንፎለፎለ ነው፣ ሦስት ጣቶቹ የሉም። እኔ ስጮህ ከመስታወት ስብርባሪው ውስጥ ሮጦ የመጣው ልብስ ሰፊው ነው። ገና ያልተሰፋ እጅጌ በወንድሜ ክንድ ላይ ጠቅልሎ አጠበቀ።

«ያዝ አድርጊው!» አለኝ፣ በጥርሱ ክፍተት እያፏጨ። «አንተ ደግሞ አትንፈራገጥ፣ ጅል!»

ሆስፒታል ልብሱን ሲሰጡኝ ወረቀቷን ከኪሱ አገኘኋት። እጥፋቷ አልተፈታም ነበር። ከፈትኳት፦ «አባዬ፣ የሚጣለውን ሲሊንደር አትጠቀም። ወፍራሙም ከአምስት እጅ አራቱ በላይ አይሞላም። ማስተንፈሻውን እንዳትነካ። ባትመዝነው ይፈነዳል።»

«ለምን ሳታነበው ቀረህ?» አልኩት ሲነቃ።

«ስድብ መስሎኝ ፈራሁ» አለ። ሰው ፈርቶ የማያውቀው ወንድሜ።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ መጣች። አልጋው ጎን ቆመች። መዶሻ ሲያያት ራሷን ሊዳስስ ያን በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አነሣ። ልጅቷ በክንዷ ፊቷን ጋርዳ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች።

እሱ እጁን ቀስ ብሎ አውርዶ አንሶላው ሥር ደበቀው።

«አልመታሽም፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች። ክንዷን ግን ወዲያው አላወረደችም። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። አሁን ወፍራም ሲሊንደርና ሚዛን አለን። በደህናዋ እጁ ቱቦውን ይገጥማል፣ እኔ ቫልቩን እከፍታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷ ትመጣለች፤ ሚዛኑን እያነበበች «በቃ፣ ዝጉ» ስትል እንዘጋለን። ያኔ የገለበጣትን ጄኔሬተር ወንድሜ ራሱ ጠግኖ መልሷል፤ ልብስ ሰፊውም ሥራ ሲፈታ ብቅ ይልና መዶሻን «ምስማር» እያለ ያበሽቀዋል፣ እሱም ዋጥ ያደርጋል።

ሥራ ሲያልቅ ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ከእኔ ጋር ትወጣለች። ወንድሜ በሩን ይዞ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፦

«ዛሬስ እኛ ቤት ታድሪያለሽ?»

«ገና ነኝ፣ አባዬ» ትለዋለች።

«እሺ» ይላል፣ በሩንም በግራ እጁ ይቆልፋል።