እናቴ ያላነደደችው እሳት

ያን ቀን ጧት ሐይቁ ዳር የነበርነው እናቴ፣ እኔ፣ እናቴ ያዘለቻት ታናሽ እኅቴና ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ነበርን፤ ጉሙ ውስጥ ደግሞ በአንድ ታንኳ ላይ አባቴና ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ነበሩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ከዚያ ወዲህ ያላዩት ሰዎች ሁሉ አየን እያሉ ስለሚያወሩ ነው። እኔ ግን ታንኳ የሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ እርጥብ ደንገል፣ ሲጤስ በሸተተኝ ቁጥር የሚታዩኝ እነዚሁ ብቻ ናቸው።

ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ነበር። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ክረምት ሲሆን ሐይቁ ደፍርሶና ሞልቶ ወደ ደጃችን ይጠጋ ነበር፤ ዓሣውም አብሮት መጥቶ ሣሩ ውስጥ ይርመሰመሳል። ይርጋ እስከ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ገብቶ አምባዛ በጦር ሲወጋ፣ እኔ ቅርጫት ይዤ ከኋላው እከተል ነበር። አምባዛው ሲያመልጠው ዞሮ «አንቺ ነሽ አስነጥሰሽ ያባረርሽብኝ» ይለኛል፣ ባላስነጥስም።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ውኃው ይጠራና ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ከዳር ሸሽቶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። አባቴ የብርድ ወራት ዓሣ ሰነፍ ነው ይሉ ነበር፤ ወደ መረብ አይመጣም፣ መረቡ ነው ወደ እሱ የሚሄድ። ስለዚህ የመረቡን ግርጌ በድንጋይ አክብደው፣ ፀሐይ ሳትገባ ራቅ ብለው ይጥሉትና ጎህ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይጎትቱት ነበር። ሲወጡ እናቴ ውኃው ጣታቸውን እንዳይሰነጥቀው የሁለቱንም እጅ በኑግ ዘይት ታሽላቸው ነበር። ይርጋ እጁን እየሰጠ «እማ፣ ልትጠብሽኝ ነው?» ሲላት፣ «ዝም ብለህ ስጥ፣ አንተን ማን ይበላሃል» ትለው ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ጧት ጉሙ ሐይቁን ስለሚሸፍነው፣ ታንኳ ላይ ላለ ሰው ዳሩ አይታይም። እናቴ ታንኳው የሚገባበት ቦታ ላይ በደረቅ ደንገል እሳት ታነድ ነበር። አባቴ ጉሙ ውስጥ የቀላውን አይተው ወደዚያ ይቀዝፋሉ፣ ሲደርሱም የደነዘዘ እጃቸውን ይሞቁበታል። እሳቱ የእናቴ ሥራ ነበር፣ ማንም አይነካባትም።

ጊዜው ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሰበሰብበት ነበር። ከሰፈራችን ልጆች ገበያ ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ ነበሩ፣ ይርጋም ዕድሜው ደርሶ ነበር። ስለዚህ አባቴና እናቴ ተማከሩ፤ እሳቱ ከነደደ ይገባሉ፣ ካልነደደ ግን ጉሙ እስኪገፈፍ ውኃው ላይ ቆይተው ወደ ዘጌ ይቀዝፋሉ፣ ይርጋ እዚያ አክስታችን ዘንድ ይሰነብትና ኋላ ወደ ደቅ ደሴት ይሻገራል።

ያን ቀን ስንወርድ ሁለቱ ጥበቃዎች ቀድመውን ቆመው አገኘናቸው። አንደኛው የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ልጆች ስላሉት ስሙን አልጽፍም። ሌላው ከማክሰኝት የመጣ ወጣት ነበር፣ በስስ ካኪ ቆሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«አያ ታፈረ ወጥተዋል?» አለ የሰፈራችን ሰው፣ አባቴን ማለቱ ነው።

«ወጥተዋል።»

«ብቻቸውን?»

«እኔ እንጃ፣ ተኝቼ ነበር» አለች እናቴ።

«ባልሽ በዚህ ብርድ ሲወጡ አንቺ ትተኛለሽ? መታደል ነው።»

እናቴ ሥራ እንዳላት ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ መረብ ትፈታ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ የማክሰኝቱ ልጅ፣ ተገልብጦ ከተቀመጠ አሮጌ ታንኳ ሥር የደረቀውን ደንገል አየ።

«እማማ፣ ይቺን ላንድዳት?»

«ተወው ልጄ፣ ለታንኳ መጠገኛ ነው።»

«ትንሽ ብቻ። እግሬ የኔ አልመስል አለኝ።»

«ቤት ና፣ ፍም አለ፣ እዚያ ትሞቃለህ።»

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ ተብለናል፣ እማማ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ በርዶት ነበር። እናቴ ከዚያ በላይ ብትከለክለው የሰፈራችን ሰው ይነቃል፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ነውና። ልጁ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ቦግ ሲል እናቴ ተነሥታ «ቆይ እኔ ላቀጣጥልላችሁ» አለችና ገና ከውኃ የወጣ እርጥብ ደንገል አንሥታ ከመረችበት። ጭሱ ተትጎለጎለ፣ ቀዩም ጠፋ። ልጁ እያሳለ «እማማ፣ በጭስ ሊጨርሱን ነው?» ብሎ ሳቀ። የሰፈራችን ሰው እርጥቡን በእግሩ ገፍቶ ጣለውና እሳቱ እንደገና ቀላ።

ኋላ አባቴ እንደነገሩኝ ከብርሃኑ ይልቅ ጭሱ ቀድሞ ደርሷቸዋል። ይርጋ አሽትቶ «እማ ዛሬ ቸኩላ እርጥብ ማግዳለች» ብሎ ሲስቅ፣ እሳቸውም ስቀው ወደ ቀላው ቀዘፉ።

የመቅዘፊያውን ድምፅ ስንሰማ እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ታንኳው ከጉሙ ወጣ። ይርጋ ከፊት ተቀምጦ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ሊያሳየን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር፣ ያኔ ጠመንጃዎቹን አየ። አባቴ ታንኳውን ወደ ኋላ ሊመልሱ መቅዘፊያቸውን ተከሉ፣ ግን ታንኳው ዳር ደርሶ ነበር።

ይርጋ አልሮጠም። ከታንኳው ወርዶ ዓሣውን ለእኔ ሰጠኝና «አጥብቀሽ ያዥው፣ ይንሸራተታል» አለኝ። እናቴ «እጁ ደንዝዟል፣ ትንሽ ይሙቅ» ብላ ለመነቻቸው። ፈቀዱላት። ወንድሜ በዚያው እሳት እጁን ሞቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አባቴ በብርድ ወራት ከሐይቅ ሲመለሱ እሳቱ ዘንድ አይቆሙም ነበር። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው በእናቴ አጠገብ አልፈው ወደ ቤት ይገቡ ነበር። እሷ ግን በየጧቱ ታነድ ነበር፣ አንድም ቀን ስለዚያ እሳት አልተነጋገሩም። እኔም ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ መረብ መጠገን ያዝሁ።

በጋው አልፎ ሚያዝያ ሲሞቅ አንድ ቁስለኛ ወታደር በደጃችን ሲያልፍ፣ ይርጋ ሰሜን ግንባር እንዳለና ደኅና እንደሆነ ነግሮን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማንም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ታይ ነበር፣ ዝናብም ቢሆን።

ዛሬ እዚያው ዳር የሞተር ጀልባ ይቆማል፣ አጥማጆቹም ጉም ሲይዛቸው በስልክ ይጠራራሉ። እኔም ልጄ ሲዘገይ እደውላለሁ፣ ካላነሣ ደግሜ እደውላለሁ። «እማ፣ አሁን እኮ አነጋገርሽኝ» ይለኛል፣ ግን አይቆጣኝም። ድምፁን ሰምቼ ስልኩን ሳስቀምጥ፣ ያኔ እናቴ ጉሙን አሻግራ «እለፉ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ማድረስ ብትችል ኖሮ እላለሁ።

አባቴ አርፈዋል። እናቴ አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ወንድሜ ይርጋ ታፈረ ይባላል፤ ቀይ፣ ረዘም ያለ ነው፣ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ላይ መንጠቆ የቀደደው ጠባሳ አለበት። አብሮት የሠለጠነ ወይም የዘመተ፣ ወይም የተቀበረበትን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እሷ በሕይወት ሳለች እንዲነግረን እለምናለሁ።