እስክትስተካከል ድረስ

አባቴ ሲሞት ሱቁ ለወንድሜ፣ ቤቱ ለእናቴ ሆነ። እኔ የፈለግኩት መኪናዋን ብቻ ነበር። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ ቀለሟ ከፀሐይ ብዛት ወደ ጡብ መልክ የዞረ አሮጌ ስፖርት መኪና ናት። ዲላ ውስጥ እሷን የምትመስል አልነበረችም፤ ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፉኝ «ሆዷን እንዳትልጪው!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አባቴ መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ወናጎ እየወሰደ። ወንድሜ አንድም ቀን ልምጣ ብሎ አያውቅም። ይህን ሳስበው ዛሬም አንጀቴ ያርራል።

መኪናዋ አንድ አመል ነበራት። በፊት እግሮቿ ብረቶች መገጣጠሚያ ላይ ገብተው ንዝረቱን የሚውጡት ላስቲኮች፣ ጎሚኒ የምንላቸው፣ አልቀው ስለነበር ጉድጓድ በነካች ቁጥር ኳ ኳ ትላለች። በራችን ላይ ያለውን ቦይ ስትሻገር ድምፁ ጓዳ ድረስ ይሰማል። እናቴ የአባቴን መምጣት የምታውቀው በዚያ ነበር፤ ጥሩንባ ሳይነፋ ተነስታ በሩን ትከፍትለታለች።

ወንድሜ ይህንኑ ድምፅ ሰበብ አደረገው። «ይቺ ቆርቆሮ የእማዬን ወገብ ልትሰብረው ነው፤ ትሸጥ» አለ። እኔ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ጭቅጭቁ ሲብስ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገቡበት። ሳሎን ተቀምጠው ሁለታችንንም አዳመጡና ታላቃቸው ተናገሩ።

«መኪናዋ እስክትስተካከል ድረስ አትሸጥም።»

ተነስተን ተመረቅን። እኔ አሜን ስል ቤቱ ተናጋ። ወንድሜም አሜን አለ፤ ያለ ምንም ማንገራገር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ጆሮዬ የያዘው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው፦ አትሸጥም።

በማግስቱ ወደ ይርጋጨፌ መውጫ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የዱመርሶ ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል።

«እቴ፣ መኪናው እኮ ገና ጎረምሳ ነው» አለኝ ከሥሯ አጎንብሶ እያየ። «እግሩ ነው ያረጀ።»

አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች ብረቱ ላይ ተጣብቀው አንወጣም አሉ፤ በእሳትና በመዶሻ ወጡ። አዲሶቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡልኝ፤ አንዱ ግን ከየትም ጠፋ። አልተገኘም ብዬ ቁጭ ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ አስቆርጬ ቶርኖ ቤት በልኩ አስጠረብኩት። ቀጥኖ ሲወጣ ደግሞ አይሆንም ብዬ አስደገምኩ። እልኸኛ ነኝ፤ እልኼ የት እንዳደረሰኝ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መካኒኩ መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደ ተንጠለጠለች ቡሎኑን ሊያጠብቅ ሲል አስቆምኩት። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፤ ላስቲኩ ተንጠልጥሎ ከታሰረ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ይጠመዘዝና ወዲያው ይቀደዳል።

«ትውረድና ክብደቷን ችላ ስትቆም ይታሰር» አልኩ።

«ታዲያ ከሥሩ ማን ይገባል? ድመትም አይገባበት!»

ጎማዎቹን ጣውላ ላይ አወጣንና እኔው ገባሁ። የአባቴን አሮጌ ካፖርት ለብሼ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አፈር ዓይኔ ውስጥ እየገባ በገዛ እጄ አጠበቅኩት። እውነት ለመናገር አባቴ ከሞተ ወዲህ ደስ ያለኝ ቀን ያ ብቻ ነው።

እናቴን ይዤ ይርጋጨፌ ደርሰን ተመለስን። ኳ የሚል ነገር የለም። ወናጎን ስናልፍ እናቴ ከእንቅልፏ ነቅታ «አስፋልቱን አዲስ ሠሩት እንዴ?» አለች። ሳቅኩ። አሁን ወንድሜ ምን ይላል ብዬ ተኩራራሁ።

ወንድሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ከሐዋሳ ይዞ መጣ። «ተስተካክላለች አሉ» ብሎ ቁልፉን ጠየቀኝ፤ ሥራዬን ሊያይ መስሎኝ ሰጠሁት። ሰውዬው አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቁልፉን ከሰውዬው እጅ መንጭቄ ታላቁ ሽማግሌ ቤት ሮጥኩ።

«አባባ፣ አትሸጥም ብላችሁ አልነበረም?»

«እስክትስተካከል ነው ያልነው፣ ልጄ። አልተስተካከለችም?»

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያንን ሥራ አልተስተካከለም ማለት አልቻልኩም።

«ተስተካክላለች።»

«አሜንም ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

በቅን ልቦና መርቀው ሸኙኝ። ለሁለተኛው ምርቃት አሜን አላልኩም። ወንድሜንም ይቅር አላልኩትም፤ እማዬንም ቢሆን ይቅር አላልኳትም። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ምን ልበል ብላ ጓዳ ገብታ ተኛች።

ቁልፉን ለሰውዬው ሰጠሁት። መኪናዋ ከግቢው ወጣች፤ ቦዩን ኮሽ ሳትል ተሻገረችው። በሩን ዘግቼ ስገባ እናቴ ከጓዳ ተጣራች።

«አልሄዱም እንዴ? ምንም አልሰማሁም እኮ።»

«ሄደዋል፣ እማዬ» አልኳት።