የአው ሙሜ ዚፕ

ባለፈው እሁድ ልጄ ከሳጥን ውስጥ የልጅነት ቀሚሴን አውጥታ ለበሰችና ዚፑን ወደ ላይ ሳበችው። ጥርርር አለ፤ የልጅ ቀሚስ ሳይሆን የወታደር ጃኬት የሚዘጋ ይመስላል። ያን ድምፅ ስሰማ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር፣ ፊቴ ድቅን አለ። የከሰል ካውያ እርጥብ አቡጀዴ ላይ ሲያልፍ የሚሸተው ሽታ፣ በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የስፌት መኪኖች ጫጫታ፣ መሐላቸው ደግሞ አው ሙሜ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው።

አው ሙሜ የሠፈሩን ሰው ልክ በቃላቸው የሚያውቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴን ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «ወፈርሽ» ይሏታል፣ ሜትር እንኳ ሳያነሱ። ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ወዮለት!

ጠላታቸው አንድ ነበር፤ ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣ ልብስ። ከዲጃ የምትባል ሴት ሸዋ በር ገበያ ሸራ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ዋጋው እሳቸው ለስፌት ብቻ ከሚጠይቁት ያንሳል። ደንበኛ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ከእሳቸው መደዳ ሦስት ሱቆች ተዘጉ፣ አው ሙሜም ከአባታቸው የወረሱትን የስፌት መኪና ሊሸጡ ሰው ማናገር ጀመሩ። መኪናውን ገዢ መጥቶ ሲነካካው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ አይቻለሁ። በጣም አሳዝነውኝ ነበር።

ከዚያ በውጭ ልብስ ላይ ቀረጥ ተጨመረ። ዜናው በሬድዮ በተነገረበት ቀን አው ሙሜ ለመደዳው ሁሉ ከረሜላ አደሉ።

«ጁገል በግንብ የታጠረው ለምን መሰለሽ?» አሉኝ ሁለት ከረሜላ እያስጨበጡኝ። «ቤትሽን ካልዘጋሽ ጅብ ይገባል!»

«ጅቡስ በግንቡ ቀዳዳ ይገባ የለ እንዴ?» አለች እናቴ። ኮንትሮባንዱን ማለቷ ነበር። እሳቸው ግን ከረሜላቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፉ።

እውነትም የከዲጃ ልብስ ተወደደና ገበያው ወደ መኪና ግርግር ተመለሰ። መኪናውን የመሸጡ ወሬም ቀረ። አው ሙሜ ግን ተበላሹ። ድሮ በሁለት ቀን የሚያደርሱት ሱሪ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸው ጀመር፤ ዋጋም ጨመሩ። መቼ ይደርሳል ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ኢንሻአላህ ነገ።» ሰው የት ይሄዳል? እናቴ «የአው ሙሜ ነገ ከዕለተ ምጽአት ይርቃል» እያለች ታማርር ነበር።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ቀሚስ ታዘዘልኝ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው። ክፍላችን ውስጥ ስለዚህ ቀሚስ ያልሰማ ልጅ አልነበረም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ልናመጣው ስንሄድ ተሰፍቶ ተሰቅሏል፤ ፊቱ ግን ክፍት ነው። ለካ ቀረጡ የተጨመረው በልብሱ ብቻ አልነበረም። ዚፑም፣ ቁልፉም፣ ክሩም የሚመጡት ከውጭ ነው። ነጋዴዎቹ ማስመጣቱ አላዋጣ ብሏቸው ትተውታል፣ ከተማው ውስጥ ዚፕ የሚባል ነገር ጠፍቷል።

«ታዲያ በሩን ሲዘጉ የራስዎንም ዕቃ ውጭ ትተው ነው የዘጉት» አለቻቸው እናቴ።

እኔ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። አው ሙሜ ጎንበስ ብለው አዩኝና «ቅዳሜ፣ ወላሂ ቅዳሜ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ልንገዛ ሸዋ በር ሄድን። ከከዲጃ ሸራ ፊት አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቁጢጥ ብለዋል። ሜትራቸው ግን በጋቢው ሥር ተንጠልጥሎ ነበር። የወንድ ጃኬት አንስተው ዚፑን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ።

«አው ሙሜ፣ ጃኬቱ እኮ ሁለት እርስዎን ይይዛል» አለች ከዲጃ ሳቋን እየዋጠች።

«ጃኬቱን ማን ፈለገው? ዚፑን ነው!»

«እኔ ዚፕ አልሸጥም፤ ከነጃኬቱ ይውሰዱት።»

ቀና ሲሉ እኛን አዩ። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ጋቢው ከራሳቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። «ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ባታለቅስ እዚህ እግሬ ይረግጥ ነበር?» አሉ። ከዲጃም እየሳቀች ዋጋውን ቀነሰችላቸው።

ቀሚሱን ማታ ሳይሆን ገና ከሰዓት፣ ራሳቸው ቤታችን ድረስ አመጡት። ያንን የጃኬቱን ወፍራም የነሐስ ዚፕ ከፊት፣ ከአንገት እስከ ወገብ ሰፍተውታል። በፋሲካ ልጆቹ «ወታደሯ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስከፍትና ስዘጋ፣ እስኪቀኑብኝ ድረስ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ከዲጃ ሸራዋን ጠቅልላ አው ሙሜ ደጃፍ ላይ ዘረጋች። ከእሷ የገዛ ከእሳቸው ዘንድ ያሳጥራል፣ ያስጠብባል፤ ተቀዶ የማይሸጠው ልብሷ ደግሞ ዚፕና ቁልፉን ለእሳቸው ይለግሳል። እሳቸው ቀጠሮ ሲያሳልፉ ደግሞ ደንበኛቸውን በዓይኗ ጠቅሳ ትጠራለች፤ ስለዚህ መርፌያቸው ፈጠነ። መኪናውም ሳይሸጥ ቀረ። ዛሬም ሬድዮ ላይ ባለሙያዎች ስለ ቀረጥ ሲከራከሩ፣ እኔ ብቻዬን «ዚፑስ?» እላለሁ።

አው ሙሜ ካረፉ ቆይቷል፤ አላህ ይማራቸው። ሰኞ ዕለት ቀሚሱን ለልጄ ላስጠብብ መኪና ግርግር ወሰድኩት። ልጃቸው ሙና በዚያው መኪና ላይ ተቀምጣለች። ዚፑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች።

«ይሄማ የአባቴ እጅ ነው» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እኔም እንባዬን እየጠረግሁ መቼ ልምጣ አልኳት።

«ኢንሻአላህ ነገ» አለችኝ።