በሰው ቦታ የቆመችው ቨርላ

ቨርላ ታትል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊልም ሠርታ አንድም ፊልም ላይ አልታየችም። ቀልድ አይደለም። ሥራዋ መቆም ነበር። የሆሊውድ ሰዎች ካሜራቸውንና መብራታቸውን ጭነው ወደ መንደሯ ወደ ሬድ ዋሽ ሲመጡ፣ ዋናዋ ተዋናይት ጥላ ሥር ተቀምጣ ስትኳኳል፣ ቨርላ ተዋናይቷ የምትቆምበት ቦታ ሄዳ ትገተራለች። መብራቱ በእሷ ፊት ላይ ይስተካከላል፤ ርቀቱ ከእሷ አፍንጫ ይለካል። ሁሉም ሲያልቅ አንዱ «በቃሽ ቨርላ!» ይላታል። እሷ ትወጣለች፣ ቆንጆዋ ትገባለች። አቤት፣ ስንቷን ቆንጆ አስገብታለች!

መንደሩ እንደሆነ ከዚህ ሥራ ያልበላ የለም። ደቡብ ዩታ ቀይ ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ከብቱ አላበላ ሲል ፊልሙ አበላ። ወንዶቹ ፈረስ ያከራያሉ፣ በጥይት ተመትተው ከጣራ ይወድቃሉ፣ እሁድ ደግሞ ክራቫታቸውን አስረው ቤተክርስቲያን ይሰብካሉ። ጎረቤቷ ሬቫ እንኳ አራት ጊዜ መንገደኛ ሆና ታይታለች፤ አንዴማ ዶሮ ታቅፋ። ይህንንም ለሰው ሳትናገር ውላ አታድርም።

«አንቺስ እህት ቨርላ፣ ዶሮ እንኳ ቢያስይዙሽ ምን አለበት!» ትላታለች።

«ዶሮዋ ከእኔ ጋር መታየት አትፈልግማ» ትላለች ቨርላ። አብረው ይስቃሉ። ከዚያ ቨርላ ቤቷ ገብታ ለአንድ ሰው የሚበቃ ድንች ትቀቅላለች።

ብቻዋን መኖር ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጅ የላትም። ባሏ ኤልደን ከብቱ በድርቅ ሲያልቅበት ወደ ማዕድን ጉድጓድ ልሂድ አለ፤ ምን ያድርግ። እሷ ግን እምቢ አለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ተነታረኩ። የሚሄድበት ቀን ጠዋት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ እሷ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ዞር ብላ እንኳ ሳታየው «ሂድ በቃ» አለችው። ወጣ። መኪናውን አስነሣ። አልሄደም ግን። ሞተሩ እያጓራ እዚያው ግቢው ውስጥ ቆየ፤ እሷ አንዱን ሸሚዝ ተኩሳ ጨርሳ ሌላውን እስክትዘረጋ ድረስ ቆየ። ምናለ ብትወጣ! ልትወጣም አስባ ነበር እኮ። ኩራት የሚሉት እርኩስ ነገር እግሯን ያዘው። በሦስተኛው ሳምንት ጉድጓዱ ተናደበትና ሬሳውን አመጡላት። የሞተሩን ነገር ለሬቫ አንድ ቀን አልቅሳ ነግራታለች። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተነፈሰችም።

እንግዲህ በፈረንጅ አቆጣጠር በሰባ አራት መስከረም ላይ ዝነኛው ተዋናይ ሃርላን ስቶክ መጣ። ሃርላንን የማያውቅ አልነበረም፤ የመንደሩ ወንድ ግማሹ በእሱ ጥይት ሞቷል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ። ያ ፈረስ ላይ እንደ ተራራ የሚቀመጥ ሰውዬ ግን ሰባ አንድ ዓመቱን ይዞ፣ ሳንባው አልቆ፣ እየተንፏቀቀ ከመኪና ወረደ። ፈረስ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰው ከታች ይገፋው ነበር። ሲገፉት ታዲያ ሰው ሁሉ፣ ካሜራ የሚያነሣው እንኳ ሳይቀር፣ ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞራል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለም። ይህ ፊልም የመጨረሻው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚለው ግን የለም።

የመጨረሻው ትዕይንት ስንብት ነበር። የታመመው ሽማግሌ ሸሪፍ የሚወዳትን መበለት አጥሩ ጋ መጥቶ ይሰናበታታል። እንዳታስታምመው ብሎ ነው የሚሄደው። እሷም ኮርታ «ሂድ በቃ» ትለዋለች፤ ባርኔጣውን አጥልቆ ይሄዳል። አለቀ። የመበለቲቱ ፊት ጠዋት ተቀርጾ ነበርና ተዋናይቷ ሌላ ሥራ አለብኝ ብላ በትንሽ አውሮፕላን እብስ አለች። የቀረው የሃርላን ፊት ብቻ ነው። ፊቱ ሲቀረጽ ግን የሚያየው ሰው፣ የሚመልስለት ድምፅ ያስፈልገዋል። አዘጋጁ ሚስተር ጊል ኮስ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ ቨርላ ላይ አረፈ። ቁመቷ ከተዋናይቷ ጋር እኩል ነው።

«ቨርላ፣ ከካሜራው አጠገብ ቁሚ። ይቺን መስመር ትያለሽ» ብሎ ወረቀት ሰጣት።

አነበበችው። ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችለት።

«ሚስተር ኮስ፣ ሌላ ሰው ቢለው አይሻልም? እኔ ተናግሬ አላውቅም እኮ።»

«ሁለት ቃል ናት ቨርላ! ድምፅሽ ደግሞ ፊልሙ ላይ አይገባም፤ በኋላ የልጅቷን እናደርግበታለን። ፀሐይዋ ልትጠልቅብኝ ነው፣ እባክሽን አታድክሚኝ።»

ምን ትበል? ሄዳ ቆመች። ሃርላንን በወንበር አመጡትና አጥሩ ጋ አቆሙት። ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ካሜራው መቅረጽ ሲጀምር ሰውየው ተለወጠ። ያ የሚያቃስተው በሽተኛ የት እንደገባ እንጃ።

«የአጥሩን በር አስሬልሻለሁ» አላት። «እስከ ክረምት ይቆያል። ውሻው ካንቺ ጋር ይሁን፤ እኔን መከተል አይችልም፣ አርጅቷል።» ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «ምን እንደሚባል አላውቅበትም። መሄድ ነው እንጂ የማውቀው መሰናበት አልችልበትም።»

ዓይን ለዓይን እያያት ነበር። ቨርላን እኮ ነው! ሠላሳ ዓመት ስትቆም ሁሉም ያዩት መብራቱን ነው፣ ጥላዋን ነው፤ እሷን አንድም ሰው እንዲህ አላያትም። ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። መልስ ይጠብቃል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል ልትለው ነበር። ያንን ቃል አንድ ጊዜ ተናግራዋለች፤ ሁለተኛ አፏ እምቢ አለ።

«አትሂድ» አለችው።

ሚስተር ኮስ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ካሜራው ግን እየሠራ ነበር፣ ሃርላንም አላቋረጠም። ባርኔጣውን ወደ ራሱ ሊወስድ የጀመረው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልጠረገውም። አንድ ነገር ሊላት ነው ስትል ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ዞሮ ሄደ። አጥሩን ሲያልፍ የቀረጻው ልጆች ሮጠው ደገፉት።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ አዘጋጁ ጮኸ። «ሁለት ቃል! ሁለት ቃል አቃተሽ? እንደገና እንቀርጻለን፣ ቶሎ ቶሎ!»

«እንደገና የለም» አለ ሃርላን ወንበሩ ላይ ሆኖ። «ያለኝን ሰጥቻለሁ ጊል። የልጅቷን ድምፅ ለጥፍበት።»

ቨርላ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ቀስ ብላ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስተር ስቶክ። አመለጠኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ትንፋሹ አጥሮት ስለነበር ቃሉን በየመሀሉ እያረፈ ነው ያወጣው።

«ሦስት ሚስት ነበሩኝ» አላት። «ሦስቱም ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያሉኝ።»

ከዚያ መኪናው መጣ፣ አንሥተው አስገቡት፣ ሄደ። ስሟን እንኳ አልጠየቃትም። የዚያን ዕለት ቨርላ በእግሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ደረቷ ቅልል ብሏት ነበር። አንድ ሰው ሰምቷታል። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ባርኔጣውን ይዞ የቆመ ሰው ትክክለኛውን ቃል ከአፏ ሰምቷል።

ሃርላን በየካቲት ሞተ። ፊልሙ በግንቦት ሬድ ዋሽ ደረሰ፤ ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ወንዶቹ የራሳቸውን አወዳደቅ እያዩ ይሳሳቃሉ፣ ፈረሶቹን በስማቸው ይጠራሉ። ስንብቱ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። ቨርላ ከሬቫ ጎን ተቀምጣ መሐረቧን በሁለት እጇ ጨምድዳለች። ሽማግሌው የአጥሩን በር ነገር ተናገረ። የውሻውን ተናገረ። ከዚያ የልጅቷ ፊት መጣ፤ ቆንጆ፣ ኩሩ፣ ቀዝቃዛ።

«ሂድ በቃ» አለች።

ወዲያው የእሱ ፊት ተከተለ። አየር ላይ የቀረው እጅ፣ የሚንቀጠቀጠው ከንፈር፣ ያ እንባ። አዳራሹ በለቅሶ ተሞላ። ወንዶቹ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይጠራርጋሉ። ልቡን ሰብራ ላከችው፣ ብለው እኮ ነው የሚያለቅሱት! ቨርላ ብቻ አላለቀሰችም። ያ ቃል ተመልሶ መጣባት፤ ያውም በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ያውም እሷ ባልተናገረችበት ቦታ። የእሷን ቃል ቆርጠው ጥለውታል።

ሲወጡ ሬቫ ገና እየተነፋረቀች ነበር።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ናት እባክሽ! እንዲህ ያለ ሰው ሂድ ይባላል? ፊቱን አላየችውም?»

«አላየችውም» አለች ቨርላ። «እዚያ አልነበረችም።»

«ማን ነበር ታዲያ?»

«እኔ።»

ሬቫ ልትስቅ ብላ ነበር፤ ፊቷን ስታይ ተወችው።

«ደግሞም ሂድ አላልኩትም ሬቫ። አትሂድ ነው ያልኩት። ፊቱ እንደዚያ የሆነው አትሂድ ስለተባለ ነው።»

ሬቫ መንገዱ መሀል ቆመች። ሰዉ በአጠገባቸው እያለፈ ደህና ዋሉ ይላቸዋል፤ እሷ አልመለሰችም።

«ቨርላ» አለች በመጨረሻ፣ እህት ማለቱን ትታ። «ለማን ነው ያልሽው?»

«ለኤልደን ነዋ» አለች ቨርላ። «የሰማኝ ግን ሌላ ሰው ነው። እሱም ሄደ።»

ሬቫ እጇን ያዘቻትና ነይ እኛ ቤት እራት እንብላ ብላ ለመነቻት። ቨርላ ነገ እመጣለሁ አለቻት፣ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና በቤቷ አቅጣጫ ብቻዋን ሄደች።