የወንድሜ ወንበር

የሰፈራችን ወጣቶች በሟች ወንድሜ ቦታ የማኅበራችን ሰብሳቢ ሁን ብለውኝ የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ስገባ ጠመኔ ሸተተኝ። አንደበቴ ስለማይፈታ ልመለስ ነበር።

ሐዋሳን ገና አዋሳ እያልናት ስንማር እሱ የተማሪዎች ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ እኔ የክፍሌ ተወካይ ነበርን። አንድ ቀን ምክር ቤቱ ባለችው ጥቂት ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ልንወስን ስንሰበሰብ ወንዶቹ "ኳስ ይገዛልን!" እያልን ጮህን። እሱ እስኪበርድልን ዝም ብሎ ጠበቀና "እስቲ ያልተናገረ ይናገር" አለ።

አንዲት ልጅ ቀስ ብላ ተነሳች። "እኔ ጠዋት ውሃ አልጠጣም። የሴቶች ሽንት ቤት በር የለውማ።"

"በቃ፣ በሩ ይሠራ! እኛ በጨርቅ ኳስ እንጫወታለን" አለ ዋናው ጯሂ።

ስብሰባውን ያዩት መምህራችን "ይሄ ልጅ ዝም ማለት ያውቅበታል" ሲሉ ወንድሜን የሰደቡት መስሎኝ ነበር።

ዝም ማለትስ እኔም እችላለሁ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።